የጣውላ መስኮት መዝጊያ አልዘጋ ሲል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

በደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር በተሠሩ ቤቶች፣ በልክ የተሠራ የጣውላ መዝጊያ የሚያስቸግረው ጉም በሚበዛበት በሐምሌና በነሐሴ ቢሆንም፣ ችግሩ በአብዛኛው የተጀመረው መዝጊያው በታዘዘበት ዕለት ነው። ስለዚህ የሚከተሉት ምልክቶች መዝጊያው ላለው ሰው ጥገናውን፣ ገና ለሚያሠራው ደግሞ አናጺውን ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያመለክታሉ።

በክረምት ተጣብቆ አልከፈት ይላል፣ በበጋ ይላቀቃል

እንጨት ከአየሩ እርጥበት ሲወስድ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ለውጡም የሚታየው በጣውላው ወርድ እንጂ በርዝመቱ አይደለም። በሞቃታማዋ ኮምቦልቻ በግንቦት ተሠርቶ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ወዳለችው ደሴ የመጣ መዝጊያ በሐምሌ ቢያብጥ፣ ጥፋቱ የአናጺው ብቻ ሳይሆን የት እንደሚሰቀል ያልነገረውም ሰው ነው። መፍትሄው መላግ ቢሆንም በነሐሴ አይላግ። እኔ ቸኩዬ በነሐሴ ያስላግሁት መዝጊያ ጥር ላይ ትንሿን ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት አምጥቶ፣ ሌሊቱን በነፋስ ሲንኳኳ ያድር ነበር። እስከ ኅዳር ታግሦ፣ ያን ጊዜም የሚይዝ ከሆነ የመቃኑን ውስጠኛ ጠርዝ በከሰል አሽቶ መዝጊያውን መግጠም ነው፤ የሚፋተገው ቦታ ጠቁሮ ስለሚወጣ እሱን ብቻ አስልጎ በዚያው ቀን ቫርኒሽ ማስቀባት ይበቃል። በበጋ የሚያሠራ ሰው በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት እንዲተውለት ይጠይቅ።

በጣውላዎቹ መካከል ብርሃን ይታያል፣ ወይም ጣውላው ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል

ይህ የሚሆነው እንጨቱ ሳይደርቅ ስለተሠራ ነው። “ደረቅ ነው” የማይል ሻጭ የለም፤ በወሎ ደግሞ ከክረምቱ ሌላ የበልግ ዝናብ ስላለ፣ ደጅ የተደረደረ ጣውላ በጥር ደርቆ በመጋቢት መልሶ ሊርስ ይችላል። ማረጋገጫው ሚዛን ነው። ጫፉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ከጣውላው መካከል ቁራጭ አስቆርጠው ይመዝኑ፣ ቤት ውስጥ አቆይተውም በየሦስት ቀኑ ደግመው ይመዝኑት፤ 1 ኪሎ የነበረው 850 ግራም ደርሶ አሁንም የሚቀንስ ከሆነ፣ ያ ጣውላ ለመዝጊያ ገና ነው። ባህር ዛፍ በርካሽ ቢገኝም ሲደርቅ ክፉኛ ይጣመማል፤ ዋንዛ ግን ለመላግ የሚመች ከመሆኑም በላይ ከደረቀ በኋላ ቅርጹን ይጠብቃል። ጽድም ጥሩ ነው፣ ምስጥ እንደ ሌላው አይደፍረውም። ስንጥቁን በበጋ በስቱኮ መድፈን ትርፉ ድካም ነው፣ በክረምት እንጨቱ ሲያብጥ ገፍቶ ይጥለዋልና። ዘላቂው መፍትሄ ጣውላዎቹን አስፈትቶ ወንዴና ሴቴ በሆነ መጋጠሚያ (የአንዱ ጣውላ ምላስ በሌላው ቦይ ውስጥ በሚገባበት)፣ መጋጠሚያውን ኮላ ሳይቀቡ እንደገና መግጠም ነው፤ ያን ጊዜ ጣውላው እንደ ወቅቱ ሲሰፋና ሲጠብ የሚይዘው ስለሌለ አይሰነጠቅም።

የመክፈቻው ጎን ወርዶ ከታች ይፋተጋል

በመጀመሪያ ከጀርባው በሰያፍ የተመታውን እንጨት ይመልከቱ። ሰያፉ ከማጠፊያው በኩል ከታች ተነሥቶ ወደ መክፈቻው በኩል ሽቅብ መውጣት አለበት፤ ተገልብጦ ከተመታ ክብደቱን አይሸከምም፣ ተነቅሎ ይዙር። ሰያፉ ትክክል ከሆነ ችግሩ የማጠፊያው ብሎን መላላት ነውና፣ ቀዳዳውን ኮላ በተቀባ የእንጨት ውታፍ ሞልቶ በረዘመ ብሎን ማሰር ይገባል። ረጅምና ከባድ መዝጊያ ሦስት ማጠፊያ ይፈልጋል።

አንድ ጥግ ብቻ አይገጥምም

የመስኮቱ ቀዳዳ ቀጥ ያለ አይደለም፤ በድንጋይና በጭቃ ቤት ይህ የተለመደ ነው። ልኬቱ የሚወሰደው ልስኑ ከደረቀ በኋላ ሆኖ፣ ወርዱ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ተለክቶ ትንሹ ይያዛል፣ ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ያሉት ሁለቱም የቀዳዳው ሰያፎች ይለካሉ። ሰያፎቹ እኩል ካልሆኑ መዝጊያውን ከማጣመም መቃኑን በውሃ ልክ አስተካክሎ ማስተከል ይሻላል።

ከታች ጠቁሮ ቀለሙ ይላጣል

የተቆረጠው የጣውላ ጫፍ ውሃ ይጠጣል። መዝጊያውን አውርደው፣ ጠርገው፣ አድርቀው ጫፉን ብቻ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀቡት፤ አዲስ መዝጊያ ከሆነ ይህ ከመሰቀሉ በፊት ይደረግ፣ ከተሰቀለ በኋላ ብሩሽ ከሥሩ አይገባም።