ለተገፋ ሰው ስንከራከር የምንሠራቸው ስህተቶች

መጀመሪያ የራሴን ላውራ። ከደሴ ወጣ ያለ መንደር፣ አክስቴ ቤት ቡና ተጠርተን ተቀምጠናል። ሸክላ የምትሠራ ጎረቤት የታዘዘችውን ምጣድ ይዛ መጣች። "ግቢ" ያላት የለም። በር ላይ ቆማ ሒሳቧን ተቀበለች። ዞር ስትል አክስቴ የልጇን ፊት በነጠላ ሸፈነች። ቡዳ ናት ብላ መሆኑ ነው። ደሜ ፈላ። እንግዳው ሁሉ እየሰማ "አታፍሪም እንዴ? ቡናውን የምትቀጂበት ጀበና የማን ሥራ ነው?" አልኳት። ጥሩ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ሴትዮዋን መንገድ ላይ አገኘኋት። ወሬው ደርሷታል። "አንተ ነገ ተሳፍረህ ትሄዳለህ። እኔ ቅዳሜ ገበያ የምሸጠው ለነሱ ነው" አለችኝና አለፈች። አክስቴ ከሷ መግዛት አቁማ ነበር።

አንደኛው ስህተት ይሄ ነው፤ ባለጉዳዩን ሳይጠይቁ ጠበቃ መሆን። ልናገርልሽ ወይ? ዝም ልበል? ወይስ ገበያ ላይ መደብሽ አጠገብ ቁጭ ልበል? ይህን መጠየቅ ደቂቃ አይፈጅም። ጣጣው የሚተርፈው ለሷ ስለሆነ ምርጫውም የሷ ነው።

ሁለተኛው ከዚያው ቀን የተገኘ ነው፤ ሰውን በሰው ፊት ማዋረድ። አክስቴ ያን ቀን ስለ ቡዳ አንድም ነገር አላሰበችም። ያሰበችው ስለ እኔ ጥጋብ ነው። በኋላ አጎቴን ለመንኩት። እሱ የቅሬ፣ ማለትም የመንደራችን እድር፣ ዳኛ ነው፤ ቃሉ ይሰማል። ብቻቸውን ሲሆኑ እየሳቀ "እንጀራውን ስትበዪ ቡዳዋ የት ትሄዳለች?" አላት። እኔም ያልኩት እኮ ይሄንኑ ነበር! ከኔ አፍ ሲወጣ ስድብ ሆነ፣ ከሱ አፍ ሲወጣ ጨዋታ ሆነ። አክስቴ ሳቀች። ሙሉ በሙሉ ተለወጠች አልልም፤ ግን መግዛቱን ቀጠለች።

ሦስተኛው የኛ የወሎዎች ስህተት ነው። ስለ መድልዎ ወሬ ሲነሣ "ኧረ አብሽር፣ ወሎ ፍቅር ነው፣ እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም" እንላለን። እስላምና ክርስቲያን በአንድ ቅሬ ሲቀብርና ሲጋባ ያየ ሰው ቢኮራ አይፈረድበትም። እኔም እኮራለሁ። ነገር ግን ከሃይማኖት አጥር መዝለል አንድ ነገር ነው፣ የቀጥቃጭ ልጅ ለልጅህ ስትታጭ ዝም ማለት ሌላ። ሁለተኛውን ጥያቄ በመጀመሪያው መልስ መሸፈን አይሆንም። ፍቅሩ እውነት ከሆነ ጥያቄው አያስፈራውም።

አራተኛው ሳያውቁ መከራከር ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

"ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል" የሚል ተረት አለን። ስንቶቻችን እየሳቅን ተርተነዋል! ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማን ለብዙ ዓመታት የታከሙበት ቦታ ነው፤ ከደሴ ብዙ አይርቅም። እንዲህ ቅርባችን ሆኖም አንዳንዱ ተከራካሪ ራሱ "ምን ያድርጉ፣ የዘር በሽታ ነው" ሲል ትሰማለህ። በዚህ አፍ መሟገት ከስድቡ አይሻልም። የሥጋ ደዌ በባክቴሪያ የሚመጣ ነው። በዘር አይወረስም፣ እርግማንም አይደለም። አብዛኛው ሰው ተፈጥሯዊ መከላከያ አለው። ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል። ሕክምና የጀመረ ሰው ቶሎ ማስተላለፉን ያቆማል።

ታዲያ ጣት ለምን ይጠፋል? በሽታው ነርቭን ይጎዳል። እጅ ይደነዝዛል። ምድጃ ሲያቃጥለው፣ እሾህ ሲወጋው አይታወቀውም። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ጣቱ በዚያ ያልቃል። መድኃኒቱ በሽታውን ያጠፋል እንጂ የጠፋውን ጣት አይመልስም። ሰው ግን ጣቱን አይቶ "ገና አልዳነም" ይላል። ከሃያ ዓመት በፊት የዳነ ሰው እስከ ዛሬ ሰው የማይጨብጠው በዚህ ምክንያት ነው። ለምጽ ደግሞ ሌላ ነው። ዛሬ ለምጽ የምንለው ቆዳ የሚነጣበት ነው፣ ወደ ማንም አይተላለፍም። ሁለቱን አንድ ማድረግ ሁለት ሰው መበደል ነው።

አምስተኛው አጭር ነው። ዓይነ ስውር ይዘህ ስትሄድ አስተናጋጁ አንተን "ምን ይጠጣል?" ይልሃል። አትመልስለት። ዝም በል፣ ሰውየው ራሱ ይዘዝ። "ምስኪን" የሚለውንም ቃል ተወው፤ ከንፈር መምጠጥ ቡና አይገዛም።

ስድስተኛው "ሕግ አለ" ብሎ መቀመጥ ነው። ሕግማ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 በትውልድ መለየትን ይከለክላል። አካል ጉዳተኛ ሥራ ላይ እንዳይገለል አዋጅ ቁጥር 568/2000 ወጥቷል። ዱሮም ቢሆን አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪው ጠይብ፣ ሸማኔው ቁጢት በጣሽ እየተባለ እንዳይሰደብ አውጀዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው። የአክስቴ ነጠላ ግን አዋጅ አላነበበም። አንቀጹን እወቀው፤ ቀጣሪ ወይም ቢሮ ሲያጉላላ ይጠቅማል። ቡና ላይ ግን አጎቴን የሚያክል የለም።

የመጨረሻው ምስጋና መጠበቅ ነው። ነገሩ ከበረደ በኋላ ገበያ ሄጄ ከዚያች ሴት ጀበና ልገዛ ጠየቅኋት። የልብ ወዳጅ የሆንን መስሎኝ "ቀንሺልኝ" አልኳት። አንድ ብር አልቀነሰችም። ከፍዬ ስነሣ "ጡቱን ይዘህ አታንሣው፣ ይሰበራል" አለችኝ።