አቴንስን ሳያዩ ከአቴንስ የሚያስመልሱ ስህተቶች

አትላንታና ዙሪያዋ የምንኖር አበሾች ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብን የምንወስድባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። አኳሪየሙ፣ የኮካ ኮላው ሙዚየም፣ የዶክተር ኪንግ ሰፈር፣ ስቶን ማውንቴን፣ አለቀ። የግሪኳ ሳትሆን የጆርጂያዋ አቴንስ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ብትርቅ ነው፣ ግን ብዙ ሰው የሚሄደው ልጁ ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ብቻ ነው። ሄዶም የዩኒቨርሲቲው የብረት በር ላይ ፎቶ ተነሥቶ፣ ስታዲየሙን ከውጭ አይቶ፣ ምሳ በልቶ ይመለሳል። ይቆጨኛል፣ እውነቴን ነው። ትንሽ አስቦ ለሚሄድ ሰው ከተማዋ ብዙ የምታሳየው አላት፣ ያውም አብዛኛውን በነፃ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከሁሉም የከፋው ስህተት በጨዋታ ቅዳሜ መሄድ ነው። ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር የዩኒቨርሲቲው የፉትቦል ቡድን ቡልዶግስ በሜዳው በሚጫወትበት ቀን ስለ ሙዚየም እርሱት። ሳንፎርድ ስታዲየም ብቻውን ከ92,000 በላይ ሰው ይይዛል፣ የከተማዋ ነዋሪ ራሱ 130,000 ገደማ ነው። መንገድ ይጨናነቃል፣ ፓርኪንግ አይገኝም፣ ሆቴል ቀድሞ ተይዟል፣ የተገኘውም ዋጋው አይቀመስም። የእኛ ጣጣ ደግሞ እንቁጣጣሽና መስቀል ልክ በዚህ ወቅት መዋላቸው ነው። የበዓል እንግዳ ይዞ ሊሄድ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የቡድኑን ፕሮግራም ይይ። ጨዋታውን ለማየት ከሆነ የምትሄዱት ሌላ ነገር ነው፣ ደስ ይላል፣ ግን ያን ቀን ሌላ ምንም አታቅዱ።

ሁለተኛው ስህተት ሰኞ ቀን መሄድ ነው። የጆርጂያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሰኞ ዝግ ነው፣ እሑድ ደግሞ የሚከፈተው ከሰዓት በኋላ ነው። እሱ እንኳን ለኛ ይመቻል፣ ከቅዳሴ መልስ በቀጥታ ብትነዱ ከመዘጋቱ በፊት በቂ ሰዓት ታገኛላችሁ። ግቢው ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ግን ለቅዳሜና እሑድ ጎብኚ አይመችም። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት የየቦታውን የዕለቱን ሰዓት ድረ ገጹ ላይ እዩ።

“ነፃ ከሆነማ ምን ሊኖረው ነው?” የሚል ሰው ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ይሄም ስህተት ነው። የሥነ ጥበብ ሙዚየሙ በ1948 ሲከፈት መነሻው አልፍሬድ ሆልብሩክ የተባለ ጡረታ የወጣ የኒውዮርክ ጠበቃ በሟች ሚስቱ ስም የሰጣቸው 100 የአሜሪካ ሥዕሎች ነበሩ። ዛሬ የጆርጂያ ግዛት ይፋዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። የጣሊያን የሕዳሴ ዘመን ሥዕሎች አሉት፣ ላሪና ብሬንዳ ቶምፕሰን የተባሉ ባልና ሚስት የሰጡት የጥቁር አሜሪካውያን ሥራዎች ስብስብም አለው። ትልልቆቹ ሙዚየሞች ውስጥ አንዱን ሥዕል በሰው ትከሻ ላይ ነው የምታዩት። እዚህ ፊቱ ቆማችሁ የፈለጋችሁትን ያህል ትቆያላችሁ። የእጽዋት ማዕከሉም በነፃ ነው፣ ቤር ሆሎው የሚባለው ትንሽ የእንስሳት ማቆያም እንዲሁ። ብዙ ልጅ ላለው ቤተሰብ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን በጣም ወደምጨነቅበት ልምጣ። ብዙ ጎብኚ አቴንስ ሄዶ የሚያየው ነጫጭ ዓምድ ያላቸውን ያረጁ ትልልቅ ቤቶችና የዩኒቨርሲቲውን ሕንፃዎች ነው፣ “እንዴት ያምራሉ” ይላል፣ ማን እንደሠራቸውና ማን እንዳይገባባቸው ተከልክሎ እንደነበር ሳይጠይቅ ይሄዳል። ዩኒቨርሲቲው የተቋቋመው በ1785 ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ተማሪዎች የገቡት በ1961 ነው፣ ያውም በፍርድ ቤት ትእዛዝ። ሻርሊን ሃንተርና ሃሚልተን ሆምስ ይባላሉ። ከተመዘገቡ ከሁለት ቀን በኋላ ማታ ሃንተር የምታድርበት ሕንፃ ፊት ረብሻ ተነሣ፣ ዩኒቨርሲቲው ሁለቱን ተማሪዎች አገደ፣ ፍርድ ቤት መለሳቸው። እሷ ታዋቂ ጋዜጠኛ ሆነች፣ እሱ የአጥንት ሐኪም። የተመዘገቡበት ሕንፃ ዛሬ በስማቸው ይጠራል፣ የሚገኘውም ሁሉም ሰው ፎቶ ከሚነሣበት ከብረቱ በር ጥቂት እርምጃ ርቆ ነው። በሩ ጋ ደርሶ ያን ሕንፃ ሳያዩ መመለስ አይገባም። እኛ ልጆቻችንን እዚያ የምናስተምረው እነሱ በከፈቱት መንገድ ነው።

እዚያው ግቢ ባልድዊን ሆል የሚባል ሕንፃ አለ። በ2015 ሲያስፋፉት ከመቶ በላይ መቃብር ተገኘ፣ የዘር ምርመራውም አብዛኞቹ አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ያላቸው መሆናቸውን አሳየ፣ ባሪያ ሆነው የኖሩ ሰዎች እንደሆኑ ይታመናል። አፅማቸው በ2017 ስታዲየሙ አጠገብ ወዳለው ኦኮኒ ሂል መካነ መቃብር ተዛወረ፣ ሕንፃው ፊት ለፊትም መታሰቢያ ቆሟል። ባክስተር መንገድ ላይ የምታዩዋቸው የተማሪ ማደሪያ ሕንፃዎች የቆሙበት ቦታ ደግሞ ሊነንታውን የሚባል የጥቁሮች ሰፈር ነበር። በ1960ዎቹ ፈርሶ ነዋሪዎቹ ተበትነዋል። የከተማው አስተዳደር ጥፋቱን አምኖ የውሳኔ ሐሳብ ያጸደቀው በ2021 ነው።

ሞርተን ቴአትርንም አትዝለሉ። ሞንሮ ሞርተን የተባለ ጥቁር ነጋዴ በ1910 ያሠራው ነው። ዱክ ኤሊንግተንና ሉዊስ አርምስትሮንግ ተጫውተውበታል። ፎቆቹ ላይ የጥቁር ሐኪሞች ቢሮዎች ነበሩ፣ በጆርጂያ የጥርስ ሕክምና ፈቃድ ያገኘችው የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት አይዳ ሜ ሃይረም ሳትቀር እዚያ ትሠራ ነበር። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ዝም ብሎ ሄዶ በር ማንኳኳት ነው። ዛሬም ትርኢት የሚታይበት ቤት ስለሆነ ዝግጅት ያለበትን ቀን ምረጡ ወይም አስቀድማችሁ ደውሉ።

ስለ ዛፉና ስለ መድፉ ደግሞ፦ ታሪካቸውን ሳያውቁ ሄዶ “ይሄው ነው እንዴ?” ማለት የተለመደ ነው። ፊንሊና ዲሪንግ መንገዶች የሚገናኙበት ላይ “የራሱ ባለቤት የሆነው ዛፍ” የሚባል ኦክ አለ። ዊልያም ጃክሰን የሚባል ሰው ጥላውን ስለሚወደው ዛፉንና ዙሪያውን መሬት ለዛፉ ለራሱ አወረሰው ይባላል። ሰነዱን ያየ የለም፣ ሕግም አይቀበለውም፣ ግን ከተማው አክብሮለታል። የመጀመሪያው ዛፍ በ1942 ወደቀ፣ አሁን ያለው ከፍሬው በቅሎ በ1946 የተተከለው ልጁ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ያለው ባለ ሁለት አፈሙዝ መድፍ በ1862 የተሠራ ነው። ሁለት ጥይት በሰንሰለት አስሮ አንድ ላይ እንዲተኩስ ታስቦ ነበር፣ ሲሞከር ሁለቱ እኩል አልወጡም። ልጆቹን መኪና ውስጥ እያላችሁ ንገሯቸው፣ ሲደርሱ ራሳቸው ይሮጣሉ።

የሙዚቃ ነገር አጭር ነው። አር ኢ ኤም እና ቢ 52ስ የሚባሉት የሮክ ባንዶች የተነሡት ከዚህች ከተማ ነው። ፎርቲ ዋት የሚባለውን የሙዚቃ ክለብ ቀን ሄዶ ማየት ግን ትርጉም የለውም፣ የማታ ቤት ነው።

የመጨረሻው ስህተት መኪና አንድ ቦታ አቁሞ ሁሉንም በእግር እጨርሳለሁ ማለት ነው። መሀል ከተማው፣ የብረቱ በርና አሮጌው ግቢ በእግር ይሆናሉ። የሥነ ጥበብ ሙዚየሙ ያለው ግን በምሥራቅ ግቢ ነው፣ መንገዱም ዳገት ቁልቁለት ነው፣ እማማንና አባባን ይዞ አይሞከርም። የእጽዋት ማዕከሉ ደግሞ ከመሀል ከተማ ወጣ ብሎ ሳውዝ ሚሌጅ ላይ ነው፣ 313 ኤከር ስፋት አለው፣ በወንዙ ዳር የእግር መንገድ አለው። በሐምሌና ነሐሴ ሙቀት ከሆነ ጠዋት እዚያ ጀምሩ፣ ሙዚየሙን ለከሰዓት አድርጉት። ለሕፃናት የተዘጋጀ የራሳቸው አትክልት ቦታ ስላለ የመቀየሪያ ልብስ ያዙ።