ክራርን ከኮምፒውተር ስታጋቡ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

ደሴ ውስጥ ክራርና ላፕቶፕ ይዞ በራሱ ወጪ ዘፈን የሚሠራ ልጅ በዝቷል። ደስ ይላል። "እስቲ ስማልኝ" እያሉ ያመጡልኛል። ግጥሙ ጥሩ፣ ዜማው ጥሩ፣ ከዚያ የሆነ ነገር ይጎረብጣል። የሚጎረብጠው ደግሞ ሁሌም ያው ነው። አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ኦቶቲዩንን ሲከፈት እንደመጣ መተው

ከዚህ በላይ የሚያናድደኝ የለም። አንዱ በአምባሰል የተዜመ ዘፈን አመጣ። ድምፁ ላይ ኦቶቲዩን ጭኗል፤ የዘፋኙን ድምፅ ወደተመረጠለት ስኬል፣ ማለትም ወደተመረጡት ኖታዎች፣ የሚያርመውን ፕሮግራም ማለቴ ነው። "የትኛው ስኬል ላይ አደረግከው?" አልኩት። "ሲ ሜጀር፤ ሲከፈት እንደዛ ነው የሚመጣው" አለኝ፣ ምንም ሳይመስለው።

አምባሰል ከሲ ሲነሳ ኖታዎቹ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ እና ኤ ፍላት ናቸው። ሲ ሜጀር ውስጥ ዲ ፍላትም ኤ ፍላትም የሉም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ዘፋኙ በትክክል ያወጣቸውን ሁለት ድምፆች እንደ ስህተት ቆጥሮ ወደ ጎረቤታቸው ይገፋቸዋል። ወደ ላይ ከገፋቸው የሚቀረው ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ይሄማ ከኤፍ የሚነሳ ትዝታ ሜጀር ነው! አምባሰል ብሎ ገብቶ ትዝታ ሆኖ ወጣ። አንዱን ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች ከገፋው ደግሞ ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም። አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን፣ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ናቸው። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ የጎረቤቶቻችንን ስም ይዘው እኛው እጅ ላይ ሲበላሹ ያማል።

ስኬሉን ራሳችሁ አስተካክሉና አምስቱን ኖታ ብቻ ክፈቱ። ባቲ ሜጀር ከሆነ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ። አንቺ ሆዬ ከሆነ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። ከዚያ የማረሚያውን ፍጥነት ቀንሱት፤ ካልቀነሳችሁት ዘፋኙ ድምፁን ሲያርገበግብ እየቆራረጠ ደረጃ ያስመስለዋል። ሆን ብላችሁ የሮቦት ድምፅ ከፈለጋችሁ ግን መብታችሁ ነው። በትክክለኛው ቅኝት ሮቦት ሁኑ።

ክራሩን ለማሽኑ ማስገበር

ክራር የሚቃኘው በጆሮ ነው፤ ለዘፋኙ ድምፅ እንዲመች ተብሎ ከፍ ዝቅ ይላል። ማሽኖች የሚቃኙበት 440 ሄርዝ የሚባል ልክ ግድ አይሰጠውም። አንዱ ክር 443 ላይ ሆኖ ሲንቴሳይዘሩ (የኤሌክትሪክ ኪቦርዱ) 440 ላይ ከቆመ፣ ሁለቱ አብረው ሲጮኹ ድምፁ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ይዋዥቃል። ጀማሪው ይሄን ሲሰማ ክራር ተጫዋቹን "ያንተ ተበላሽቷል" ይለዋል። አልተበላሸም። ማሽኑን ወደ ክራሩ አምጡት። ሲንቴሳይዘር ሁሉ ማለት ይቻላል ፋይን ቲዩን (ቅኝቱን በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ማድረጊያ) አለው፤ ስልክ ላይ መቃኛ አፕ ጫኑና ክራሩ ስንት ሴንት (የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ) ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ አይታችሁ ሲንቴሳይዘሩን በዚያው ልክ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉት።

ይሄም የማይበቃበት ጊዜ አለ፤ በክሮቹ መካከል ያለው ርቀት ራሱ ከኪቦርዱ ጋር ላይገጥም ይችላል። ያኔ ሲንቴሳይዘሩ መነሻዋንና አምስተኛዋን፣ ማለትም ሲን እና ጂን ብቻ ረዘም አድርጎ ይያዝ። ሌላውን ለክራሩ ተዉለት። አንቺ ሆዬ ላይ ግን ጂ የለችም፤ መነሻዋን ብቻ ያዙ።

መድረክ ላይ ደግሞ ይብሳል። ደሴ ብርድ ውስጥ የተቃኘ ክራር የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ያው ክራር አይደለም። ክሩም ቆዳውም ይለወጣል። ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ቢት ግን ንቅንቅ አይልም። ኮምቦልቻ አንድ አዳራሽ ውስጥ ልጆቹ ከመኪና ወርደው በቀጥታ መድረክ ወጡ። ክራሩ በአንድ በኩል፣ ቢቱ በሌላ በኩል፣ ዘፋኟ መሃል ላይ። ምስኪን፣ ሰው የሳቀው በእሷ ነው። ቀድማችሁ ድረሱ፤ ክራሩ የአዳራሹን አየር ይልመድ፣ ከዚያ ከቢቱ ጋር አስተያዩት።

ሁሉን በ4/4 መጀመር

የመቅረጫ ፕሮግራሙ ሲከፈት 4/4 ይላል፤ በአራት የሚቆጠር ምት ማለት ነው። ችክችካ ግን 6/8 ነው፤ በስድስት ይቆጠራል። ሳትቀይሩት ከበሮ ቀርጻችሁ ኳንታይዝ (ምቱን ወደ ፕሮግራሙ መስመር መሳብ) መቶ በመቶ ካደረጋችሁ፣ የከበሮ መቺው እጅ ያመጣችው ውዝዋዜ በሙሉ ትሞታለች። ትከሻ የማይነቀንቅ ችክችካ ምን ይባላል? ከቻላችሁ ክራሩንና ከበሮውን ያለ ክሊክ (ያለ ማሽን ምት ቆጣሪ) በሰው ምት ቅረጹ፤ የፕሮግራሙን ቴምፖ ከእነሱ ጋር አስኪዱት። ሥራው አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ድራም ማሽኑ ከሰው ጋር መተንፈስ የሚጀምረው ያኔ ነው።

በነገራችን ላይ "ይሄን ማንም አልሞከረውም" የምትሉኝን ተዉ። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮን ከሲንቴሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አድርጎ ቀርጿል። አዲስ መሆን አይጠበቅባችሁም፤ ጥሩ ሁኑ።

ማሲንቆ ላይ ስለታም ሲንቴሳይዘር መደረብ። ሁለቱም መሃለኛው ድምፅ ላይ ነው የሚኖሩት። አንዱ ሲናገር አንዱ ዝም ይበል። ከበሮና ኪክም (የድራም ማሽኑ ወፍራም ምት) እንደዚሁ፤ ወፍራሙን ድምፅ ለአንዳቸው ስጡ።

ሪቨርብ (ድምፁን የሚያስተጋባው ኢፌክት) ድክመት አይሸፍንም። ግጥሙ ካልተሰማ ሰምም ወርቅም የለም።

በክረምት ከሰዓት በቆርቆሮ ቤት መቅረጽ አይታሰብ። ዝናቡ ከክራሩ ጋር አብሮ ይቀረጻል፣ ኋላም አይወጣም። በጠዋት ቅረጹ፤ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ስቀሉ። መብራት ሳይሄድ ሴቭ አድርጉ የሚለውን አልጨምርም፣ እዚህ አገር የሚኖር ያውቀዋል።

ከሰው ካሴት ቆርጦ መውሰድ

"ሁለት ሰከንድ ብቻ ናት" ይሉኛል። የሁለት ሰከንዷም ባለቤት አላት። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የግጥምና ዜማ ደራሲውን ብቻ ሳይሆን የተጫዋቹንና የአሳታሚውንም መብት ይጠብቃል። አስፈቅዱ፤ ካልሆነም አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ጠርታችሁ የራሳችሁን አስቀርጹ። ከተማው ውስጥ ሞልቷል እኮ።

መንዙማ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ወሎ ውስጥ መንዙማ ዱዓ ነው። የአንድን ሼህ ድምፅ ቆርጣችሁ የጭፈራ ቢት ላይ ብትለጥፉ ሕጉ ከመድረሱ በፊት አባቶች ይቀየሟችኋል። ልባችሁ እዚያ ከሄደ መጀመሪያ ሄዳችሁ ጠይቁ። አይሆንም ካሏችሁ አይሆንም ነው።

ድምፁን እስኪፈነዳ መጫን። ስፖቲፋይ ዘፈኑን ወደ 14 ኤልዩኤፍኤስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ ነው) ከዜሮ በታች ያወርደዋል፤ ጨፍልቃችሁ ያጮኻችሁት ዞሮ ዞሮ ይቀነሳል፣ የተጨፈለቀው ግን እንደተጨፈለቀ ይቀራል። ሚክሳችሁን ሄድፎን ላይ ብቻ አትስሙ። ከፒያሳ ባጃጅ ያዙና ሹፌሩን "ይሄን ክፈትልኝ" በሉት። ክራሩ እዚያ ከተሰማ የትም ይሰማል።

የመጨረሻው የገንዘብ ነው። ማሲንቆ ተጫዋቹን በምሳና በትራንስፖርት ሸኝቶ ዘፈኑ ሲወጣ ስሙን እንኳ አለመጻፍ። ይሄ ነውር ነው። ከመቅረጻችሁ በፊት ተነጋገሩ፦ የአንድ ጊዜ ክፍያ ነው ወይስ ከሚገኘው ድርሻ? ስንት? ስሙ የት ይጻፋል? አንድ ወረቀት ላይ አስፍራችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ፤ አንድ ኮፒ ለእሱ ስጡት።