ሰው በምን ሞተ? በአገር አቀፍ የሞት ጥናት ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

የአንድ አገር ሙሉ የሞት መረጃ እጅ ሲገባ ቶሎ ሰንጠረዥ ልሥራ፣ ቶሎ ግራፍ ላውጣ ያሰኛል። ቀስ በሉ። ሰንጠረዡ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ሰው እስክሪብቶ ይዞ የወሰነው ነገር ነው፤ ምናልባትም ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ሆኖ ያደረ ሐኪም። አብዛኞቹ ስህተቶች የሚመጡት በሽታውን ለማጥናት ስንቸኩል ወረቀቱ እንዴት እንደተሞላ ሳንጠይቅ ስለምናልፍ ነው።

«ልቡ ቆመ» የሚለውን እንደ ምክንያት መውሰድ

ሲሞት ልቡ የማይቆም ሰው የለም። «የልብ መቆም» የሚል የሞት ማስረጃ ሰውየው መሞቱን በሌላ አነጋገር ከመድገም አያልፍም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲመዘገብ የሚፈልገው መነሻውን ምክንያት ነው፤ ማለትም ወደ ሞት ያደረሰውን ሰንሰለት የጀመረውን በሽታ ወይም ጉዳት። ቅጹም የተሰናዳው ለዚሁ ነው። ከላይ የመጨረሻው ችግር ይጻፋል፣ ከሥሩ እሱን ያመጣው፣ ከዚያ ሥር ደግሞ ያንን ያመጣው።

አንድ ወረቀት እንይ። የመጀመሪያው መስመር ላይ «ወደ ደም የተሰራጨ ኢንፌክሽን» ይላል። ሁለተኛው ላይ «የእግር ቁስል»፣ ሦስተኛው ላይ «የስኳር በሽታ»። ይህ ሞት የሚቆጠረው በስኳር ነው። ሐኪሙ ቸኩሎ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ሞልቶ ቢፈርም ግን ስኳሩ ከአገሪቱ መረጃ ላይ ድራሹ ይጠፋል።

መነሻውን ምክንያት የማይናገሩ እንዲህ ያሉ ምዝገባዎችን ባለሙያዎቹ «ጋርቤጅ ኮድ» (የቆሻሻ ኮድ) ይሏቸዋል፤ ኮድ የሚባለው ለእያንዳንዱ የሞት ምክንያት የሚሰጠው መለያ ነው። ስድብ ቢመስልም ይገባቸዋል። የልብ ድካም፣ እርጅና፣ ከየት እንደተነሳ ያልተገለጸ ካንሰር ሁሉ እዚህ ይመደባሉ። ትንተና ከመጀመራችሁ በፊት ከጠቅላላው ሞት ስንት በመቶው በእነዚህ እንደተመዘገበ ቁጠሩ፤ ድርሻው በዕድሜና በአካባቢ ይለያይ እንደሆነም እዩ። አውጥቶ መጣል መፍትሔ አይደለም፤ ከእያንዳንዱ ኮድ ጀርባ በእውነት የሞተ ሰው አለ። ወደ ሌሎች ምክንያቶች የምታከፋፍሏቸው ከሆነ ደግሞ በምን ስሌት እንዳከፋፈላችሁ በግልጽ ጻፉ።

አንዳንዴ ችግሩ ጥድፊያ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። በደቡብ አፍሪካ በኤችአይቪ የደረሱ ብዙ ሞቶች በሳንባ ነቀርሳ፣ በሳንባ ምችና በተቅማጥ ስም ተመዝግበዋል። ሰንጠረዡን እንዳለ ያመነ ተመራማሪ የወረርሽኙን ትልቅ ክፍል ሳያየው ያልፋል።

ሆስፒታሉን እንደ አገሩ መቁጠር

ሆስፒታል ውስጥ የሞተ ሰው ሆስፒታል መድረስ የቻለ ሰው ነው። ሌላውስ? የህንድ የእባብ ንድፊያ ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። «የሚሊዮን ሞቶች ጥናት» የሚባለው ሥራ ቤት ለቤት ሄዶ ሲጠይቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በእባብ ተነድፈው የሞቱትን 46,000 ገደማ ብሎ ገመተ። ይህ የሆስፒታሎች ይፋ ሪፖርት ካለው ከ30 እጥፍ በላይ ነው። ነገሩ ብዙ አይገርምም፤ ተነዳፊው በአብዛኛው የገጠር ሰው ነው፣ የሚሞተውም ከጤና ተቋም ውጭ ነው።

እንዲህ ቤተሰብን ስለ ሟቹ የመጨረሻ ቀናትና ምልክቶች ጠይቆ ምክንያቱን የመለየት ዘዴ ቨርባል አውቶፕሲ ይባላል። ምዝገባ ደካማ በሆነበት አገር ያለሱ መሥራት ይከብዳል። ግን እሱንም በጭፍን አትመኑት። የመኪና አደጋን ቤተሰብ አይስትም። ወባን ከሌላ ትኩሳት መለየት ግን በጥያቄ ብቻ የሚሆን አይደለም።

ድርሻን ከምጣኔ ጋር ማምታታት

«የካንሰር ሞት በእጥፍ ጨመረ» የሚል ርዕስ ስታዩ ከምን አንጻር ብላችሁ ጠይቁ። ከ1,000 ሞት 100 በካንሰር ከሆነ ድርሻው 10 በመቶ ነው። ተላላፊ በሽታዎች ተቆጣጥረናቸው ጠቅላላው ሞት ወደ 500 ቢወርድ፣ ያው 100 የካንሰር ሞት 20 በመቶ ይሆናል። በካንሰር የሞተ አንድም ተጨማሪ ሰው የለም። የሞት ድርሻ ስለ ስጋት መጠን ብዙም አይነግረንም፤ ለዚያ የሚያስፈልገን ምጣኔ ነው፣ ማለትም ሞቱ በሕዝብ ብዛት ተካፍሎ።

ማካፈሉም ብቻውን አይበቃም። አረጋውያን የበዙበት አገር ጥሩ ሕክምና እያለው ወጣት ከበዛበት የበለጠ ሞት ሊያስመዘግብ ይችላል። አገርን ከአገር፣ ዓመትን ከዓመት ከማወዳደር በፊት ምጣኔውን በዕድሜ ማስተካከል፣ ማለትም የዕድሜ ስብጥራቸው አንድ ዓይነት ቢሆን ስንት እንደሚሆን ማስላት፣ የግድ ነው።

የኮድ ለውጥን የበሽታ ለውጥ ማድረግ

እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ወደ 10ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ (ለሞት ምክንያቶች ኮድ የሚሰጥበት ደንብ) ስትሸጋገር በኢንፍሉዌንዛና በሳንባ ምች የተመዘገበው ሞት ክፉኛ ወረደ። አዲስ መድኃኒት ተገኝቶ አይደለም። ተመሳሳይ ወረቀቶች በአሮጌውም በአዲሱም ደንብ ኮድ ሲሰጣቸው፣ አዲሱ ለእነዚህ በሽታዎች የሰጠው ቁጥር በ30 በመቶ ገደማ አንሶ ተገኘ። ከዚህ ቀደም በሳንባ ምች ይቆጠር የነበረው ሞት ወደ መነሻ በሽታው ተዛወረ እንጂ ሟቾቹ አልተነሱም። 11ኛው ምደባ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ አገሮች የሚሸጋገሩት ግን በየራሳቸው ጊዜ ስለሆነ ወጥመዱ ገና አላለቀም። ግራፍ ላይ ድንገት የተሰበረ መስመር ካያችሁ ደንቡ መቼ እንደተቀየረ አጣሩ።

አጋላጭ ነገሮችን መደመር

ከሞቱ ለሲጋራ ይህን ያህል በመቶ፣ ለደም ግፊት ይህን ያህል፣ ለውፍረት ይህን ያህል ብሎ መደመር አይሠራም። አጫሹም፣ ግፊት ያለበትም፣ ወፍራሙም አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ድምሩ ከ100 ቢያልፍ አትደንግጡ፤ ስህተቱ መደመሩ ላይ ነው።

የመጨረሻውን ዓመት ማመን

ራስን ማጥፋትን፣ ግድያንና መመረዝን የመሳሰሉ ሞቶች የፖሊስ ወይም የፍርድ ቤት ምርመራ ስለሚጠብቁ ዘግይተው ይመዘገባሉ። የቅርቡ ዓመት ቁጥር ሁሌም የወረደ የሚመስለው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። የተጠቀማችሁት ቀን የሞቱበት ይሁን የተመዘገቡበት ለዩ፤ ገና ያልሞላውን ዓመት ደግሞ በተቆራረጠ መስመር ሳሉት ወይም ለጊዜው ተዉት።