አዮዋ ሲቲ ውስጥ አፓርታማ ከመከራየትዎ በፊት የዋጋውን አካሄድ እንዴት ማወቅ ይቻላል?

አዮዋ ሲቲ በ2020 የሕዝብ ቆጠራ 74,828 ነዋሪ የተመዘገበባት፣ በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ የምትገኝ ከተማ ናት። ከ30,000 በላይ ተማሪዎች ያሉት የአዮዋ ዩኒቨርሲቲና ትልቁ ሆስፒታሉ እዚያው ከተማ ውስጥ ስለሆኑ፣ የቤት ኪራዩ ገበያ የሚሄደው በትምህርት ዘመኑ ነው። ለትምህርት፣ ለሆስፒታል ሥራ ወይም ዘመድ ጋር ለመጠጋት ወደዚያ የሚሄድ ሰው በትልልቅ ከተሞች የለመደው ስሌት እምብዛም አይረዳውም። እዚህ ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው ቀኑ ነው።

1. መጀመሪያ ወቅቱን ይወቁ

በተማሪ ሰፈሮች አብዛኛው ውል የሚጀምረው በኦገስት መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 25 አካባቢ ነው። አሮጌው ውል ደግሞ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ በጁላይ መጨረሻ ያበቃል። አከራዮች በመካከሉ ቤቱን ያስጸዳሉ፣ ቀለም ያስቀባሉ። ተከራዩ ግን ዕቃውን በጭነት መኪና ላይ እንደጫነ ጓደኛው ቤት ያድራል። በዚያ ሳምንት የመንገዱ ዳር በተጣለ ሶፋና ፍራሽ ይሞላል፤ የቤት ዕቃ የሌለው አዲስ መጪ ቢያልፍበት አይጎዳም፣ ትኋን አለመኖሩን ካረጋገጠ።

ለሚቀጥለው ኦገስት የሚሆኑ ቤቶች ደግሞ ገና በኦክቶበርና በኖቬምበር ለገበያ ይቀርባሉ። በሜይና በጁን የሚታየው ርካሽ ዋጋ ብዙውን ጊዜ ለዕረፍት አገሩ የሚገባ ተማሪ ክፍሉ ባዶ እንዳይከርምበት ለጥቂት ወራት የሚያስተላልፈው ነው። ይህን አይቶ «ኪራይ ወረደ» ማለት ስህተት ነው። የዘንድሮውን ኖቬምበር ማነጻጸር ያለብዎ ከአምናው ኖቬምበር ጋር ነው።

2. የታተሙት አኃዞች ምን እንደሚለኩ ይለዩ

የአሜሪካ ቆጠራ ቢሮ በየዓመቱ የሚያወጣው የኪራይ አኃዝ የመሀሉን ዋጋ ያሳያል፤ ግማሹ ተከራይ ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች ይከፍላል። መብራት፣ ውሃና ማሞቂያ ተደምሮበታል። ነገር ግን አንድ ቤት ውስጥ ለዓመታት የቆዩትንም ስለሚቆጥር፣ ዛሬ አዲስ ገቢ ከሚጠየቀው ዝቅ ይላል። ሌላም ነገር አለ፦ የአንድ ዓመት አኃዝ የሚወጣው ከ65,000 በላይ ሕዝብ ላላቸው ከተሞች ነው። አዮዋ ሲቲ ይህን ታልፋለች፤ ጎረቤቶቿ ኮራልቪልና ኖርዝ ሊበርቲ ግን አያልፉም፣ የእነርሱ አኃዝ የአምስት ዓመት ጥርቅም ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር አያስኬድም።

የፌዴራሉ የቤቶችና ከተማ ልማት ሚኒስቴር በየዓመቱ «ተመጣጣኝ የገበያ ኪራይ» የሚባል ተመን በመኝታ ክፍል ብዛት ለይቶ ያወጣል። ከመቶ ቤቶች ከርካሹ ሲቆጠር አርባኛው የቆመበት ዋጋ ነው፤ የሚሰላውም በቅርብ ጊዜ የተዘዋወሩ ተከራዮችን መሠረት አድርጎ ነው። ለአዲስ መጪ ከሁሉም የሚበጀው መለኪያ ይህ ይመስለኛል።

የማስታወቂያ ድረ ገጾች የሚያሳዩት አከራዩ የጠየቀውን እንጂ የተከፈለውን አይደለም። በትንሽ ከተማ ደግሞ መሀል ከተማ ላይ አንድ አዲስ ፎቅ ሲከፈት ብቻ የማንም ኪራይ ሳይጨምር አማካዩ ሊዘል ይችላል።

3. የራስዎን ሰንጠረዥ ያዘጋጁ

አሥራ አምስት ያህል ቤቶች ይምረጡና ሰፈሩን፣ የመኝታውን ብዛት፣ ውሉ የሚጀምርበትን ቀን፣ የማሞቂያውን ዓይነት፣ የመኪና ማቆሚያውን፣ በኪራዩ ውስጥ የተካተተውን ሁሉ ይጻፉ። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ «750 ዶላር» የሚል ባለ አራት መኝታ ካዩ ዋጋው ለአንድ ሰው መሆኑን ይጠርጥሩ፤ የቤቱ ኪራይ 3,000 ዶላር ነው ማለት ነው። ውሉም አራታችሁን በጋራ ተጠያቂ የሚያደርግ ከሆነ፣ አንዱ ሲጠፋ የእርሱ ድርሻ በቀሪዎቹ ላይ ይወድቃል።

ከዚያ ሁሉንም ወደ ወርኃዊ እውነተኛ ወጪ ይለውጡ። ለምሳሌ አንዱ ቤት 1,200 ዶላር ሆኖ አንድ ወር ነጻ ነው እንበል፤ የአሥራ አንድ ወሩ ለአሥራ ሁለት ሲካፈል 1,100 ይሆናል። ማሞቂያና መብራት በአማካይ 130፣ ማቆሚያ 60 ሲጨመር 1,290 ይደርሳል። ሌላው 1,150 ዶላር ሆኖ ማሞቂያ፣ ውሃና ማቆሚያ ያካተተ ነው፤ መብራት 50 ቢከፍሉ 1,200 ይሆናል። ነጻ ወሩ የተቆጠረለት ባለ 1,100 ቤት ጎን ሲታይ «ውድ» የመሰለው ሁለተኛው ቤት ረከሰ። የመጀመሪያው አከራይ ውል ሲታደስ ጭማሪውን የሚጀምረው ደግሞ ከ1,100 ሳይሆን ከ1,200 ነው። ገበያው ሲቀዘቅዝ የዚህ ዓይነት አከራይ በወረቀት ላይ ያለውን ዋጋ ከመቀነስ ነጻ ወር መስጠት ይመርጣል። ስለዚህ የዋጋውን አካሄድ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ነጻ ወር የሚሰጡ ማስታወቂያዎች በዝተው እንደሆነ ይቁጠር።

ማሞቂያውን በዋዛ አይለፉት። የጃንዋሪ ሌሊት በአማካይ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ነው። በግድግዳው ግርጌ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከጋዙ ብዙ ጊዜ ይወደዳል። ያለፈውን ጃንዋሪ ክፍያ ደረሰኝ ያሳዩኝ ብለው አከራዩን ይጠይቁ።

4. ጎረቤት ከተሞችንም ይዩ

ኖርዝ ሊበርቲ ከ2010 እስከ 2020 ከ13,374 ወደ 20,479 ነዋሪ አድጋለች፤ አዳዲስ ሕንፃ አይታጣባትም። ግን ያለ መኪና እዚያ መኖር አድካሚ ነው። የአዮዋ ሲቲ አውቶቡስ ከኦገስት 2023 ጀምሮ ክፍያ አያስከፍልም፤ ካምበስ የሚባለው የዩኒቨርሲቲው አውቶቡስም ነጻ ነው። መኪና ለሌለው ሰው አውቶቡስ ደጁ የሚያልፍበት አሮጌ ቤት ከአዲሱ ይሻላል ባይ ነኝ።

5. ሕጉን ይዘው ይደራደሩ

የአዮዋ ሕግ ከተሞች የኪራይ ጣሪያ እንዳያወጡ ይከለክላል። ሆኖም አከራዩ በውሉ ዘመን መካከል ኪራይ መጨመር አይችልም፤ ሲጨምርም ቢያንስ ከ30 ቀን በፊት በጽሑፍ ያሳውቃል። ማስያዣው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ከለቀቁና አዲሱን አድራሻዎን ከሰጡ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ ወይም የተቀነሰበት ምክንያት ተዘርዝሮ መላክ አለበት። አድራሻዎን በዓመት ውስጥ ካላሳወቁ ገንዘቡ ለአከራዩ ይቀራል። ኪራዩ ከ700 ዶላር በላይ ሲሆን የመዘግየት ቅጣት በቀን ከ20፣ በወር ከ100 ዶላር ማለፍ የለበትም። ቤቱ የከተማው የማከራያ ፈቃድ እንዳለውም ይጠይቁ።

ደላላ አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ የማመልከቻ ክፍያ ግን አለ፣ እርሱም ቤቱን ባያገኙት አይመለስም። ከገቡ ከጥቂት ወራት በኋላ «ያድሳሉ ወይስ ይለቃሉ?» የሚል ደብዳቤ ሊደርስዎ ይችላል። ያን ጊዜ ሰንጠረዡን አውጥተው አከራዩን ያነጋግሩ። ከኪራዩ ላይ ቀንስ ሲባል እምቢ የሚል አከራይ ነጻ ማቆሚያ ወይም አንድ ነጻ ወር ሲጠየቅ ሊለሰልስ ይችላል፤ የተስማማበትንም በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ ያስጽፉት።