ማይኮራይዛ ጨምረንም ሥሩ በሰበሰ፦ ችግርና መፍትሄ

ማይኮራይዛ ከዛፍ ሥር ጋር ተጣምሮ የሚኖር ደግ ፈንገስ ነው፤ እሱ ለሥሩ ውሃና ማዕድን ይስባል፣ ዛፉ ደግሞ እሱን ይመግበዋል። እዚህ የማወራው እንደ ዋልነትና አልሞንድ ላሉ ዛፎች በዱቄት ስለሚሸጠው ነው።

አፈሩ እርጥብ ነው፣ ቅጠሉ ግን ይጠወልጋል

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ውሃ ይጨምራል። ተዉ! ዛፉ የጠወለገው ውሃ የሚስብ ሥር ስላጣ ነው። ቀጭን ሥር ቆፍራችሁ አውጡና በጣታችሁ ሳብ አድርጉት። ቆዳው እንደ እርጥብ ካልሲ ተንሸራቶ ክር ብቻ ከቀረ፣ በስብሷል።

ደጋግሜ የማየው ምክንያት አንድ ነው፦ የተኛ ውሃና አንገቱ (ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ) የተቀበረ ችግኝ። ፋይቶፍቶራ የሚባለው አበስባሽ በረጠበ አፈር ውስጥ እየዋኘ ነው ሥሩን የሚያገኘው። ማይኮራይዛ ቀድሞ ሥሩን ከያዘ ዛፉን ያጠነክራል፣ ለአበስባሹም ቦታ ያጠብበታል። ረግረግ ውስጥ ግን እሱም አየር ያጣል።

አንዴ የ3 ዓመት ዋልነት እንዳይ ተጠራሁ። ዱቄቱ ግንዱ ዙሪያ እንደ በሶ ተነስንሷል። በእጄ ብቆፍር አንገቱን ያገኘሁት አንድ ስንዝር ወርጄ ነው፤ ቅርፊቱ ጠቁሯል። ባለቤቱ «ዱቄቱ ፎርጅድ ነው» ይለኛል። ዱቄቱ ምን በወጣው! እኔም የመጀመሪያ ችግኞቼን እንዲሁ ቀብሬ ነው የጨረስኳቸው።

መፍትሄው፦ አንገቱ እስኪታይ አፈሩን ግለጡ፣ ለውሃው መውረጃ ቦይ ቅደዱ። ገና ካልተከላችሁ 60 ሳንቲሜትር ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉበት። በማግስቱም ውሃው ካለ፣ ጉብታ ሠርታችሁ እላዩ ላይ ትከሉ። ዱቄቱን ስትተክሉ ራሱ ሥሩ ላይ አድርጉት። ሥር ካልነካ ዋጋ የለውም። የበሰበሰውን ሥርም አይመልስም።

ውሃው ደህና ነው፣ ፈንገሱ ግን አልያዘም

ዳፕ በእፍኝ በእፍኝ አድርጋችኋል? ፎስፈረስ የጠገበ ዛፍ ፈንገሱን አይመግብም። ማዳበሪያውን ቀንሱ።

ዓይነቱንም እዩ። ዋልነትና አልሞንድ የሚፈልጉት አርቡስኩላሩን (ሥሩ ሕዋስ ውስጥ የሚገባውን ማይኮራይዛ) ነው፤ ፔካን፣ ሀዘልነትና ቼስትነት ኤክቶውን (ሥሩን ከውጭ የሚሸፍነውን)። ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ካላችሁ እሽጉን አንብቡ። ለማከዳሚያ ብር አታውጡ፤ ከማይኮራይዛ ጋር ብዙም አይጣመርም።

ዱቄቱ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትርሱት። አንዳንድ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ደጉንም ስለሚገድል፣ ሥር ላይ ከማፍሰሳችሁ በፊት ጽሑፉን እዩ። አደራ!

ቅርፊቱ ሥር የእንጉዳይ ሽታ ያለው ነጭ ስስ ሽፋን አለ

ብዙ አይገጥምም። አርሚላሪያ የሚባል ሥር አበስባሽ ፈንገስ ነው፤ ማይኮራይዛ አያድነውም። ከነሥሩ ንቀሉት።