አራት ሲኒ፣ ሦስት ዓይነት ጥይት፦ የአየር ሽጉጥ ቀላል ጥይቶችን እንዴት እናወዳድር?

አንድ ወዳጄ ስልኩን አውጥቶ የዒላማ ፎቶ አሳየኝ። አምስት ጥይት፣ አንድ ቀዳዳ። "አንተም ይሄን ነው መግዛት ያለብህ" አለኝ። ዋጋው እኔ ከምተኩሰው እጥፍ ነው። "ስንት ዒላማ ላይ ሞከርከው?" ብዬ ጠየቅሁት። "አንድ" አለ፣ ምንም ሳይከብደው።

ልስቅበት አልችልም። እኔም በአንድ ዒላማ ፎቶ ተማምኜ ስንት ብር እንዳጠፋሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቸርችል ጎዳና አካባቢ ባለች አንዲት የሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ የምንፈትንበትን መንገድ ልንገራችሁ። ቀድሜ ግን አንድ ነገር፦ የአየር ሽጉጥም ሽጉጥ ነው። ፈቃድ ባለው ቦታ፣ ኃላፊ ባለበት፣ የዓይን መከላከያ አድርጎ ብቻ። የኮንዶሚኒየም ኮሪደር ምንም ቢረዝም የተኩስ ቦታ አይደለም።

"ቀላል" ስንል

የ10 ሜትር ውድድር ጥይት ስፋቱ 4.5 ሚሊሜትር ነው። ፊቱ ጠፍጣፋ፣ ወገቡ ቀጭን፣ ከኋላው እንደ ቀሚስ የተዘረጋ። ጠፍጣፋ የሆነው ወረቀቱን ሳይቀድ ክብ አድርጎ እንዲበሳ ነው። ለሽጉጥ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ከ0.45 እስከ 0.49 ግራም ይመዝናል። ለጠመንጃ የሚሠራው ደግሞ 0.53 ግራም አካባቢ ነው። ለምሳሌ አርደብሊውኤስ አር10 የሚባለው የውድድር ጥይት በ0.45ም በ0.53ም ይመጣል።

የአየር ሽጉጥ ጉልበቱ ትንሽ ነው። ቀላል ጥይት ከቱቦው ቶሎ ይወጣል። ምላጩን ከሳባችሁ በኋላ እጃችሁ ዒላማውን የሚያበላሽበት ጊዜ ያጥራል ማለት ነው። ያ ማለት ግን ቀላል የሆነ ሁሉ አንድ ቦታ ይመታል ማለት አይደለም። አንዱ ቱቦ የወደደውን ሌላው ቱቦ ሊጠላው ይችላል። የሌላ ሰው የዒላማ ፎቶ ለእናንተ የማይሠራውም ለዚህ ነው።

የአዲስ አበባን ከፍታም አትርሱ። ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ አየራችን ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ሽጉጣችሁ በክንድ አንዴ ተጨቁኖ የሚሞላ ዓይነት ከሆነ፣ በአንድ ጭቆና የሚይዘው አየር በዚያው ልክ ያንሳል። ጥይቱም ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ፍጥነት በታች ይወጣል። ቀላል ጥይት ለእንዲህ ዓይነቱ ሽጉጥ ይበልጥ ይጠቅማል። በተጨመቀ አየር ሲሊንደር የሚሠራው ግን 200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) እስከተሞላ ድረስ ይህ ጣጣ የለበትም። ጣጣው የሚመጣው በእጅ ፓምፕ ስትሞሉት ነው። ያኔ ላባችሁ ጠብ ይላል።

ከመተኮስ በፊት

ሦስት ዓይነት ጥይት ምረጡ። ቆርቆሮው ላይ ያለውን የምርት ቁጥር ጻፉ። ስሙ አንድ ሆኖ ቁጥሩ ሲለያይ ውጤቱም ሊለያይ ይችላል። አንዳንዱ ቆርቆሮ ላይ 4.49 ወይም 4.50 የሚል ታገኛላችሁ። የጥይቱ ራስ ስፋት ነው፤ እሱንም መዝግቡት።

ጥይቶቹን ነጭ ወረቀት ላይ አፍስሱና ቀሚሳቸው የተጣመመውን አውጡ። ልትመዝኑ ካማራችሁ ሚዛኑ እስከ ሺኛው ግራም የሚያነብ ይሁን። ፒያሳ ወርቅ ይሠራ የነበረ ወዳጄ ሚዛኑን አውሶኝ ነበር፤ እስከ መቶኛው ብቻ ነው የሚያነበው። በጣም የተበላሸውን ለመለየት ከመርዳት አላለፈም።

ዒላማውን ማተሚያ ቤት ስታሳትሙ "ገጹን እንዲሞላ" ተደርጎ እንዳይታተም ንገሯቸው። ከዚያ በማስመሪያ ለኩ፦ የጥቁሩ ክብ ስፋት 59.5፣ መሐል ያለው የ10 ነጥብ ክብ 11.5 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ወረቀቱ ወፈር ይበል። ስስ የፎቶኮፒ ወረቀት ይቀደዳል እንጂ አይበሳም።

ሲኒዎቹ

የፈተናው ልብ እዚህ ነው። ጓደኛችሁ አራት ሲኒ ያምጣ። ከሥራቸው ከ1 እስከ 4 ቁጥር ይጻፍ። ሦስቱን ዓይነት ጥይት በአራቱ ሲኒ ይክፈል፤ አንዱ ዓይነት ሁለት ሲኒ ውስጥ ይገባል። የትኛው የት እንዳለ ለእናንተ አይነግርም። ዋጋውን የሚያውቅ እጅ ውዱን ጥይት ተጠንቅቆ ነው የሚተኩሰው። አትዋሹ፣ ሁላችንም እንዲያ ነን። መንትያዎቹ ሲኒዎች ደግሞ ጥይቱ ሳይለወጥ ውጤቱ በራሱ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ያሳዩናል።

ሲኒዎቹ ከዚህ በኋላ ቡና አይቀዳባቸውም። ጥይቱ እርሳስ ነው፤ የምንጽፍበት ሳይሆን ብረቱ፣ መርዛማው። እያጎረሳችሁ ቆሎ መቆርጠም የለም። ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የእናቴን ሲኒ ያለፈቃድ የወሰድኩበትን ቀን ባላነሳው ይሻላል።

ተኩሱ

በአንድ እጅ ቆማችሁ ጥይት አትፈትኑም። ያ እናንተን ነው የሚፈትነው። ሽጉጡ መደገፍ አለበት። ሞርሳ ካለ መንጋጋውን በአሮጌ ከመነዳሪ ጠቅልላችሁ አካሉን ለስለስ አድርጋችሁ ያዙ። የአየር ሲሊንደሩን ግን በፍጹም እንዳታጠብቁት፤ ውስጡ 200 ባር አለ። ሞርሳ ከሌለ የአሮጌ ጂንስ እግር ቆርጣችሁ አሸዋ ሙሉበት፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ሽጉጡን በሁለት እጅ አስደግፉ። አሸዋ በዚህ ከተማ አይጠፋም፤ በየመንገዱ ግንባታ ነው። ከዒላማው ጀርባ ጥይቱን ውጦ የሚያስቀር ሣጥን ይኑር።

ከሲኒ 1 ጀምሩ። መጀመሪያ አሥር ጥይት ባዶ ወረቀት ላይ ተኩሱ፤ አይቆጠርም። ቱቦው ውስጥ የቀደመው ጥይት እርሳስ ስላለ አዲሱን እስኪለምድ ነው። ከዚያ አምስት አምስት አድርጋችሁ ሁለት ዒላማ ላይ ተኩሱ። በዚሁ መንገድ፣ ከአሥሩ ጥይት ጀምሮ፣ ወደ 2፣ 3፣ 4 እለፉ። ሲያልቅ ከ4 ጀምራችሁ በተራ ወደ 1 ተመለሱ። ክንዳችሁ መድከሙ፣ የሲሊንደሩ ግፊት መውረዱ፣ ሁሉም ሲኒ ላይ እኩል እንዲደርስ ነው። በአንድ ቀን 160 ጥይት ይወጣል። መሐል ላይ ዕረፍት አድርጉ፣ ሲሊንደሩንም ሙሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ድገሙት። ለእያንዳንዱ ሲኒ ስምንት ዒላማ ይኖራችኋል።

አንዱ ጥይት ከሌላው ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ቢመታ ማነጣጠሪያውን አትንኩት። ክብደትና ፍጥነት ሲለያይ የሚመጣ ነው። የምንፈልገው የት እንደመታ ሳይሆን ምን ያህል እንደተሰበሰበ ነው።

ልኬቱ

በጣም የተራራቁትን ሁለት ቀዳዳዎች ፈልጉ። ከአንዱ ውጫዊ ጠርዝ እስከ ሌላው ውጫዊ ጠርዝ በካሊፐር (ሚሊሜትርን ከፋፍሎ በሚለካው መንጋጋ መሰል መለኪያ) ለኩና የአንድ ቀዳዳ ስፋት ቀንሱ። ቀዳዳው ከ4.5 ሚሊሜትር ትንሽ ጠበብ ሊል ስለሚችል ብቻውን የተተኮሰ አንድ ቀዳዳ ለክታችሁ እሱን ተጠቀሙ። አምስትን ከአምስት ጋር ብቻ አወዳድሩ። ምንም ሳይለወጥ የአሥር ጥይት ስብስብ ከአምስቱ በአማካይ ሩብ ያህል ይሰፋልና።

የስምንቱን አማካይ አውጡ። እንበል አንዱ ሲኒ 7፣ ሌላው 7.6 ሚሊሜትር ሆነ። ይህ ልዩነት አይደለም። ስምንት ዒላማ ያን ያህል አይለይም። አንዱ 7፣ ሌላው 10 ከሆነ ግን አዎ፣ ልዩነት አለ። ከዚያ መንትያዎቹን ተመልከቱ። ሁለቱ በ1 ሚሊሜትር ከተለያዩ፣ በሌሎቹ መካከል ያለ የ1 ሚሊሜትር ልዩነትም ወሬ ነው። ርካሹን ግዙ።

አንድ ስሌት ልጨምር። ጥይቱ የ10 ክብን ጠርዝ ከነካ 10 ነው። ስለዚህ የጥይቱ መሐል ከዒላማው መሐል 8 ሚሊሜትር ድረስ ቢርቅም 10 ይቆጠራል። ማነጣጠሪያው በደንብ ከተስተካከለ፣ 7 ሚሊሜትር የሚሰበስብ ጥይት 16 ሚሊሜትር ውስጥ እንደልቡ ይገባል። ቆማችሁ በአንድ እጅ ስትተኩሱ የምታጡት ነጥብ ታዲያ ከየት እንደሚመጣ ገምቱት።

ያን ወዳጄንም ይዤው ሄድኩ፣ የራሱን ውድ ጥይት ይዞ። ሲኒዎቹን የከፈልኩት እኔ ነኝ። በሁለተኛው ቅዳሜ ወረቀቶቹን ደርድሮ ፈረደ፦ "1 የእኔው ነው፣ ያስታውቃል። 4 ግን ቆሻሻ ነው፣ ሰው ይሄን ይገዛል?" ሲኒዎቹን ትቼ የጻፍኩባትን ወረቀት ሰጠሁት። 1 እና 4 አንድ ቆርቆሮ ነበሩ።